የፋንታሲ ሊጋችሁን እንዴት ትዘጉታላችሁ? ለጓደኛሞች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ግንቦት ሲገባ ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ (ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች የራስን ቡድን መርጦ በሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ የሚሰበሰብበት የኢንተርኔት ጨዋታ) የሚጫወቱ ጓደኛሞች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ የዘንድሮውን እንዴት እንዝጋው? አንደኛ የሚወጣው ከሞላ ጎደል ታውቋል። ሁለት ሦስት ሰው ለሁለተኛነት ይተናነቃል። የቀረው ቡድኑን ከፍቶ ካየ ሰንብቷል፣ ካፒቴን ያደረገው፣ ማለትም ነጥቡ እጥፍ የሚቆጠርለት ተጫዋች መጎዳቱንም አልሰማም። አንዱ «ብሩ ሁሉ ለአንደኛው ነው» ይላል፤ ሌላው «ሥጋ እንብላበት» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የመጨረሻው ይጋብዝ» ብሎ ይጽፋል። ክርክሩ እዚያው ይጀመራል፤ አንዳንድ ግሩፕ ላይም ሳይቋጭ ክረምት ይገባል።

እነዚህን ምርጫዎች የማነጻጽራቸው በአንድ መለኪያ ነው። ነሐሴ ላይ አዲሱ ውድድር ሲጀመር ስምንተኛና ዘጠነኛ የወጡት ሰዎች ተመልሰው ይመዘገባሉ ወይ? አንደኛ የወጣው ምንም ብታደርጉ ይመጣል። ሊጉን የሚያሞቁት ግን ከመሃል በታች ያሉት ናቸው፤ እነሱ ከቀሩ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ሰው ብቻ የሚጻጻፍበት ግሩፕ ይቀራችኋል። ስለዚህ አዘጋጉ ከአሸናፊው ይልቅ እነሱን አስቦ መመረጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ነሐሴ ላይ የተስማማችሁበት ደንብ ካለ ግንቦት ላይ አይነካም፤ ደንቡ መጥፎ ቢሆን እንኳ። ሰው 38 ሳምንት ሙሉ ዝውውሩን (ተጫዋች መቀየሩን)፣ ካፒቴኑንና ቺፑን (ለአንድ ሳምንት የሚጠቀሙበትን ልዩ ዕድል) የወሰነው ያንን ደንብ ይዞ ነው። እንዲህ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጡት። ምንም ያልተስማማችሁበት ከሆነ ግን አሁኑኑ ይጠቅማችኋል።

ብሩ እንዴት ይከፈል?

ለስሌት እንዲመች 12 ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው 500 ብር አዋጥተዋል እንበል። በድምሩ 6,000 ብር ይሆናል።

የመጀመሪያው መንገድ ሁሉንም ለአንደኛው መስጠት ነው። ለሰብሳቢው ምንም ድካም የለውም፤ ብዙ የተቀራረቡና ሁሉም በየሳምንቱ ቡድናቸውን የሚያዩ አራት አምስት ሰዎች ከሆናችሁም ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ስትሆኑ ግን ችግሩ ከጥር በኋላ ይወጣል። ብዙ ሳምንት ፋንታሲውን የሚጫወቱ ሰዎች አማካይ ውጤት ከ50 ነጥብ ብዙም አይርቅም። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ላይ 150 ነጥብ ወደ ኋላ የቀረ ሰው 15 ሳምንት ሙሉ በየሳምንቱ መሪውን በ10 ነጥብ መብለጥ አለበት። መሪው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቀውም፤ ብዙ ሰው የያዛቸውን ተጫዋቾች ይዞ፣ ብዙ ሰው ካፒቴን ያደረገውን ካፒቴን አድርጎ ልዩነቱን ማስጠበቅ ይችላል። በ2024/25 መሐመድ ሳላህ 29 ጎል አግብቶ 18 ጎል አመቻችቶ 344 የፋንታሲ ነጥብ ሲሰበስብ በጨዋታው ታሪክ ማንም ተጫዋች በአንድ የውድድር ዓመት ያላገኘውን አገኘ። ነገር ግን መሪውም ተከታዩም ሳላህን ይዘው ከነበረ ያ ሁሉ ነጥብ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በአንድ ነጥብ እንኳ አላጠበበም። ወደ ኋላ የቀረው ሰው ይህን ሲረዳ መተው ይጀምራል። ሁሉም ብር ለአንድ ሰው በሆነበት ሊግ ደግሞ የሚተወው ሰው ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ የቀረው ነገር የለምና።

ሁለተኛው መንገድ ለሦስት ማካፈል ነው፤ ለአንደኛው 3,000፣ ለሁለተኛው 1,800፣ ለሦስተኛው 1,200 ብር። ይህ ከመጀመሪያው በግልጽ ይሻላል፤ እስከ አምስተኛና ስድስተኛ ያለው ሰው ሚያዝያና ግንቦት ላይም ምክንያት ይኖረዋል። አራተኛ ላይ ያለ ሰው ሦስተኛውን ለመድረስ ማንም ያልያዘውን ተጫዋች ደፍሮ ካፒቴን ማድረግ ይጀምራል፣ ጨዋታውም ይሞቃል። ከሰባተኛ በታች ላለው ግን ለውጡ ያን ያህል አይደለም።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ የወር ሽልማት ነው። ውድድሩ ከነሐሴ ወር አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ስለሚዘልቅ በፈረንጆቹ ወራት ከኦገስት እስከ ሜይ አሥር ወር ይነካል። በክላሲክ ሊግ (የየሳምንቱ ነጥብ እየተደመረ በሚሄድበት የተለመደው ሊግ) ሰንጠረዥ ላይ ወሩን መርጣችሁ የዚያን ወር ብቻ ደረጃ ማየት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ሰብሳቢው ወረቀት ላይ የሚደምረው ነገር የለም። ከ6,000 ብሩ 2,000ውን ለአሥር ወራት ብታካፍሉት በየወሩ 200 ብር ይደርሳል፤ የቀረው 4,000 ደግሞ 2,000፣ 1,200 እና 800 ሆኖ ለዓመቱ ሦስት አሸናፊዎች ይሄዳል። 200 ብር ትንሽ ይመስላል። ዋናው ነገር ግን በየወሩ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ከዜሮ እኩል መነሳቱ ነው። 300 ነጥብ ወደ ኋላ የቀረ ሰው በየካቲት አንደኛ ሊወጣ ይችላል፤ ሲወጣም ግሩፑ ውስጥ ስሙ ይጻፋል፣ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ይለዋል። አንድ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከመተው የሚያግደው ይህ እንጂ የብሩ መጠን አይደለም።

የወር ሽልማት አንድ ጉድለት አለው። ወራቱ እኩል አይደሉም። የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ በሚበዛባቸው ወራት የፕሪሚየር ሊጉ ሳምንታት ጥቂት ናቸው፣ በዲሴምበር ደግሞ ይደራረባሉ። በጥቂት ሳምንት የሚወሰን ወር ለዕድል ቅርብ ነው። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ዓመቱን ለሁለት ክፈሉት። በ2025/26 የገባው ደንብ ለዚህ ይመቻል፤ አራቱ ቺፖች፣ ማለትም ዋይልድካርድ (ያለ ነጥብ ቅነሳ የፈለጉትን ያህል መቀየር)፣ ፍሪ ሂት (ያንኑ ለአንድ ሳምንት ብቻ)፣ ቤንች ቡስት (የተቀያሪዎችም ነጥብ መቆጠር) እና ትሪፕል ካፒቴን (የካፒቴኑ ነጥብ ሦስት እጥፍ መሆን) እያንዳንዳቸው በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ጊዜ እንዲሰጡ ተደርጓል። ሁለቱም አጋማሾች ሙሉ ቺፕ ያላቸው ስለሆኑ እያንዳንዱን ራሱን እንደቻለ ውድድር መቁጠር ያስኬዳል። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ሊግ ስትከፍቱ ነጥብ መቁጠር ከየትኛው ሳምንት እንደሚጀምር መምረጥ ስለሚቻል ከ20ኛው ሳምንት የሚጀምር ሁለተኛ ሚኒ ሊግ (የጓደኛሞች ሊግ) ትከፍታላችሁ። ቡድኑ ያው ነው፤ አንድ ቡድን በብዙ ሊግ ውስጥ መግባት ይችላል።

አራተኛው መንገድ ግብዣ ነው፤ ብሩን ማንም አይወስደውም፣ ሁሉም አብሮ ይበላበታል። ብዙ ሰው ይህን የሚያነሳው ሥጋ ስለሚወድ ነው፣ እኔ ግን በሌላ ምክንያት በጣም አከብረዋለሁ። በብዙ ግሩፕ ውስጥ ገንዘብ አስይዞ መጫወትን ቁማር ነው ብሎ በእምነቱ ምክንያት የማይቀበል ሰው አለ፤ ሙስሊምም ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም። አንዳንዱ ይህን ጮክ ብሎ አይናገርም፣ ዝም ብሎ «ዘንድሮ ጊዜ የለኝም» ይልና ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ሰው ካላችሁ የእሱን መምጣት ከ6,000 ብሩ አብልጣችሁ ተመልከቱት። ሁሉም እኩል አዋጥቶ ሁሉም እኩል ሲበላ የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም ገንዘብ የለም፤ የሚለያየው ክብሩ ብቻ ነው። ከግብዣው ይልቅ ለመቄዶንያ ወይም ለሰፈር ችግረኛ በአሸናፊው ስም መስጠትም በዚሁ መንፈስ የሚታይ ነው። ግብዣ ከመረጣችሁ ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። 500 ብር ዛሬ አዲስ አበባ ክትፎ ቤት አንድ ሰው አያጠግብም፤ ወይ መዋጮውን ከፍ አድርጉ፣ ወይ አንዳችሁ ቤት አስበስሉ።

ከአራቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከስምንት በላይ ለሆነ ግሩፕ የወር ሽልማትን ለሦስት ከማካፈል ጋር እመርጣለሁ፣ ግብዣውን ደግሞ ከሽልማቱ ብር ተለይቶ ለብቻው በሚዋጣ ገንዘብ አደርገዋለሁ። ከአምስት በታች ከሆናችሁ በቀጥታ ወደ ግብዣው ሂዱ።

ብሩን ማን ይያዘው የሚለው አጭር መልስ ያለው ጥያቄ ነው። እንደ ዕቁብ አድርጉት፤ ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ፣ ማን እንደከፈለ የሚመዘግበው ሌላ ይሁን። በቴሌብር የተላከበት ደረሰኝ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ያልከፈለ ይጫወት ግን ለሽልማት አይታሰብ። ግንቦት ላይ «አንደኛ ወጣህ፣ ነገር ግን አራት ሰው ገና አልከፈለም» መባል ደስታን ያጠፋል፤ ሰብሳቢውንም ሳያጠፋ ከጓደኛው ጋር ያቀያይመዋል።

ሁለት ሰው እኩል ነጥብ ላይ ሲጨርስ

ፋንታሲው ለዚህ የራሱ ደንብ አለው። በክላሲክ ሊግ ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ካላቸው በዓመቱ ውስጥ ያነሰ ዝውውር ያደረገው ከላይ ይቀመጣል። በዋይልድካርድና በፍሪ ሂት የተደረጉ ዝውውሮች አይቆጠሩም። ሰንጠረዡ ይህን ራሱ ስለሚያደርገው ክርክር የለውም፤ ከዚህ በላይ ጥቅም ግን አይታየኝም። ከተፈቀደው በላይ የተደረገ ዝውውር ሁሉ አስቀድሞ አራት ነጥብ ተቀንሶበታል። ያንኑ ሰው በመጨረሻ በዝውውሩ ብዛት ከታች ማስቀመጥ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። በየሳምንቱ የተሰጠውን ነፃ ዝውውር የተጠቀመ ታታሪ ተጫዋችም ቡድኑን ከረሳው ሰው በታች ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ በየሳምንቱ ማወዳደር ነው። የሁለቱን ቡድኖች የ38 ሳምንት ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በብዙ ሳምንታት የበለጠውን መምረጥ። ታሪኩ በእያንዳንዱ ቡድን ገጽ ላይ ስላለ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ለሚያዩትም አስደሳች ነው፤ ማን በየትኛው ወር እንደቀደመና መቼ እንደተደረሰበት ይወጣል።

ሦስተኛው ሽልማቱን መካፈል ነው። በ3,000 እና 1,800 ክፍፍል ከሆነ ሁለቱ ተደምረው 4,800፣ ለእያንዳንዳቸው 2,400 ብር። እኔ ብሩን በዚህ መንገድ አካፍዬ የሻምፒዮንነቱን ስም ግን በየሳምንቱ ማወዳደሪያ እወስናለሁ። ስሙን ለሁለት መክፈል አይጥመኝም። እግር ኳስ ራሱ በእኩል ነጥብ ያለቀን ውድድር ለአንዱ ሰጥቶ ነው ታሪኩን ያኖረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማንቸስተር ሲቲና ማንቸስተር ዩናይትድ እኩል 89 ነጥብ ሲኖራቸው ሲቲ ዋንጫውን በጎል ልዩነት ወሰደ፤ አጉዌሮ በጭማሪው ሰዓት ያገባት ጎል ዛሬም የምትወራው ለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ አርሰናል አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ሲረታ ነጥቡም የጎል ልዩነቱም እኩል ሆኖ በተቆጠሩ ጎሎች ብዛት ነው ሻምፒዮን የሆነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጨረሻው ጨዋታ እንዳለቀ አሸናፊ አታውጁ። የቦነስ ነጥብ በየጨዋታው ምርጥ ለነበሩት ሦስት፣ ሁለትና አንድ ሆኖ የሚጸድቀው ከጨዋታው በኋላ ነው፤ ተቀያሪዎች በራሳቸው የሚገቡትና ካፒቴኑ ካልተሰለፈ ምክትሉ እጥፍ የሚያገኘውም ሳምንቱ ሲዘጋ ነው። ልዩነቱ ከአሥር ነጥብ በታች ከሆነ ሰንጠረዡ እስኪታደስ ጠብቁ፣ ክፍያውን ለማግስቱ አቆዩት።

ባለቤቱ የተወው ቡድን

ይህ ብዙ ግሩፕ ሳያነሳው የሚያልፈው፣ ግን ብዙ ቅሬታ የሚያመጣ ጉዳይ ነው። የተተወ ቡድን አይሞትም። ካልተሰለፈ ተጫዋች ምትክ ተቀያሪው ይገባል፣ ካፒቴኑ ካልተጫወተ ምክትሉ ይተካዋል፣ ነጥቡም ይቀጥላል። በ2024/25 ሳላህን ካፒቴን አድርጎ ስልኩን የዘጋ ሰው ከእሱ ብቻ 688 ነጥብ ይደርሰው ነበር። እንዲህ ያለ ቡድን አራተኛና አምስተኛ ቢወጣ አይገርምም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዱ ቡድኑን ከሰንጠረዡ አውጥቶ ደረጃውን እንደገና ይቆጥራል። ሌላው እንዳለ ይተወዋል። እኔ የምመርጠው መሃሉን ነው፤ ደረጃው እንዳለ ይቆይ፣ የወር ሽልማት ለማግኘት ግን በዚያ ወር ቢያንስ አንድ ዝውውር ወይም የካፒቴን ለውጥ ማድረግ ይጠበቅበት። በዓመቱ መጨረሻ ለሦስቱ ሽልማት ከደረሰ ይሰጠው፤ ከፍሏልና፣ መጀመሪያ ላይ ጥሩ መርጧልና። ከሰንጠረዡ ማውጣቱን የማልወደው ሰውየው የጠፋበትን ምክንያት ስለማናውቅ ነው። ሥራ የለቀቀ፣ የታመመ፣ ቤተሰቡ ላይ ሐዘን የደረሰበት፣ መስመር እየጠፋ ኢንተርኔት የማያገኝ ሰው አለ። ቡድኑ ሲሰረዝ ከጓደኞቹ የተሰረዘ ያህል ሊሰማው ይችላል። ከመቅጣት በፊት ደውሉለት።

በሄድ ቱ ሄድ ሊግ ግን ነገሩ ይከብዳል። እዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ትገጥማላችሁ፣ ያሸነፈ ሦስት ነጥብ ያገኛል፣ እኩል የወጣ አንድ። 12 ሰው ከሆናችሁ እያንዳንዱ ከ11 ተጋጣሚዎች ጋር ሦስት ሦስት ጊዜ ሲገናኝ 33 ሳምንት ይሞላል፤ የሚቀሩት አምስት ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ አንዱ የተተወውን ቡድን አራት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይገጥመዋል። ከዚያም በላይ አንዱ ባለቤቱ እያለ መስከረም ላይ ይገጥመዋል፣ ሌላው ቡድኑ ከተተወ በኋላ። ይህን በደንብ ማስተካከል አይቻልም። በግሩፓችሁ ውስጥ የሚጠፋ ሰው የተለመደ ከሆነ ዋናውን ሽልማት በሄድ ቱ ሄድ ላይ አታድርጉ።

የመጨረሻ የወጣው ሰው

አሜሪካ ውስጥ የራሳቸውን እግር ኳስ ፋንታሲ የሚጫወቱ ሰዎች ለመጨረሻው ሰው ቅጣት ማዘጋጀት ልማድ አድርገውታል፤ ዋሽንግተንና አትላንታ ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሚኒ ሊግ ሲያመጡት ይታያል። ቅጣት ሙሉ በሙሉ መጥፎ ነው አልልም። 11ኛና 12ኛ ያሉ ሁለት ሰዎች ግንቦት ላይ ካፒቴናቸውን በጭንቀት እንዲመርጡ የሚያደርግ ብቸኛው ነገር አንዳንዴ እሱ ነው። ልዩነቱ በቅጣቱ ዓይነት ላይ ነው።

ጥሩው ቅጣት ሰውየውን ወደ ጓደኞቹ የሚያቀርብ ነው። ቡና ማፍላት፣ ቁርስ መጋበዝ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሰብሳቢነቱን መውሰድ፣ የመጨረሻውን ቀን ጨዋታ ቤቱ ማሳየት። የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ የቶተንሃምን ማልያ ለብሶ ማምሸትም ሰው ተስማምቶ ከገባበት ሳቅ አለው። መጥፎው ቅጣት ቲክቶክ ላይ የሚለጠፍ ቪዲዮ ነው። አለቃው ያየዋል፣ ልጆቹ ያዩታል፣ ከግሩፑ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ ጨዋታ መሆኑን አያውቅም። ገንዘብ የሚያስወጣ ቅጣትም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው የወጣው ሰው በግሩፑ ውስጥ ገቢው ዝቅተኛ የሆነው ሊሆን ይችላል፣ 12 ሰው ክትፎ መጋበዝም የወር አስቤዛው ነው። እኔ ከግብዣው ይልቅ ሥራውን እሰጠዋለሁ፤ ቦታ ይያዝ፣ ሰው ይጥራ፣ ቡናውን ያስፈላ። ወጪው የጋራ ይሁን።

ለመጨረሻው ሰው ሽልማት መስጠት የሚባልም አለ፤ ለሚቀጥለው ዓመት መዋጮው ይማርለት። ከ6,000ው 500 ማውጣት ለሌሎቹ ብዙ አይጎዳም፣ ሰውየውን ግን በነሐሴ መልሶ ያመጣዋል። ሆን ብሎ የመጨረሻ ለመሆን የሚጫወት እንዳይኖር ሥጋት ካላችሁ ቡድኑን እስከ መጨረሻው ሳምንት ያንቀሳቀሰ ብቻ ይማርለት በሉ።

የመጨረሻዋ እሁድ ወይስ ሌላ ቀን?

የመጨረሻው ሳምንት አሥሩም ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይጀመራሉ። በእንግሊዝ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ሲሆን ለእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ የቡድን መዝጊያው ከዚያ 90 ደቂቃ ስለሚቀድም 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ለመሰብሰብ ከዚህ የተመቸ ሰዓት አይገኝም። 10 ሰዓት ላይ ተገናኝታችሁ መጨረሻውን ዝውውር እርስ በርስ ተደባብቃችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነጥብ ይወጣል ይወርዳል። ዱባይ ላሉት ምሽት 1 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ላሉት በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ በቪዲዮ ለመግባት ለሁሉም ይመቻል።

ዲኤስቲቪ ቤት ወይስ ሰው ቤት? ዲኤስቲቪ ቤት ድምቀት አለው፣ ግን የሚከፈተውን ጨዋታ የሚመርጠው ባለቤቱና ብዙሃኑ ናቸው። ፋንታሲ ለሚከታተል ሰው የዋንጫው ጨዋታ ላይሆን ይችላል የሚያስፈልገው፤ ካፒቴኑ በርንማውዝ ሜዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ሰው ቤት ሁለት ስክሪን ማድረግ ይቻላል፣ መነጋገርም ይቻላል። ቤት የሚችል ካለ ቤት እመርጣለሁ።

ትልቁን ግብዣ በዚያው ምሽት ማድረግ ግን አይመከርም። ውጤቱ አልጸደቀም፣ ማግስቱ ሰኞ ነው፣ ሰው ይቸኩላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አድርጉት። ቀኑን ስትቆርጡ የጾም መቁጠሪያውን ተመልከቱ። የውድድሩ ማብቂያ አብዛኛውን ጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና አርብም ሥጋ ይበላል፤ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ግን ግማሹ ሰው ክትፎው አያገለግለውም። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ውድድሩ ግንቦት 17 አልቆ ጾሙ የገባው ሰኔ 2 ስለነበር ሁለት ቅዳሜ ነበር። በ2018 ዓ.ም. የመጨረሻው ቀን ግንቦት 16፣ ጾሙ ደግሞ ግንቦት 24 ስለሆነ ያለው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። አረፋም በእነዚህ ዓመታት በዚያው ሰሞን ስለሚውል ሙስሊም ጓደኞቻችሁን ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ።

ስም ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ብዙ መምረጥ አያስፈልግም። ጨዋታው በክረምት ለአዲሱ ዓመት ሲታደስ የሚኒ ሊጋችሁ ሰንጠረዥ ይጠፋል፤ በየሰው ገጽ ላይ የሚቀረው የዓመቱ ጠቅላላ ነጥብና ዓለም አቀፍ ደረጃ ብቻ ነው። ሰንጠረዡን እስክሪን ሾት አድርጋችሁ ግሩፑ ላይ ፒን አድርጉት፣ ከእያንዳንዱ ወር አሸናፊ ስም ጋር። ዋንጫ ከፈለጋችሁ በየዓመቱ አዲስ ከመግዛት አንድ አሠርታችሁ የየዓመቱን አሸናፊ ስም እያስቀረጻችሁ ማዘዋወሩ ይሻላል። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚወደደው እሱ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ምን ዓይነት ሊግ?

ክላሲክ ከሁሉ ፍትሐዊው ነው፤ 38 ሳምንት ይደመራል፣ ብዙ ያገኘ ይመራል። ጉድለቱ ቀድሞ ማለቁ ነው፣ እሱን የወር ሽልማቱ ይጠግነዋል።

ሄድ ቱ ሄድ በየሳምንቱ የሚወራ ነገር ይሰጣል። አርብ ማታ «ነገ አንተን ነው የምገጥመው» መባባል ትልቅ ነገር ነው፣ ታች ያለ ሰውም መሪውን አሸንፎ ሳምንቱን ሙሉ ሊያወራበት ይችላል። ግን ዕድል ይበዛበታል፤ በሳምንቱ ከ12 ሰው ሁለተኛውን ከፍተኛ ነጥብ አግኝታችሁ አንደኛው ላይ ከወደቃችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ቡድኑ አንድ ስለሆነ ሁለቱንም ከመክፈት የሚከለክላችሁ የለም። ብሩን በክላሲክ፣ ወሬውን በሄድ ቱ ሄድ አድርጉት።

ሦስተኛው ድራፍት ነው፣ ለየት ያለ ጨዋታ። በጀት የለም፣ ካፒቴን የለም፤ አንድ ተጫዋች በሊጉ ውስጥ በአንድ ሰው ብቻ ይያዛል። ሃላንድን አንዱ ከወሰደው ለሌላው የለም። ከሁለት እስከ 16 ሰው ይጫወተዋል፣ ስምንት ሰው አካባቢ ሲሆን ይጥማል። «ሁላችንም ያው ቡድን ነው ያለን» የሚለው የክላሲክ ቅሬታ እዚህ የለም። በምትኩ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ብዙ ማወቅ ይጠይቃል፤ የትልልቆቹን ክለቦች ጨዋታ ብቻ የሚያይ ሰው ይቸገራል። አንድ ሰው ቡድኑን ከተወም የያዛቸው ጥሩ ተጫዋቾች ታስረው ይቀራሉ። እርስ በርስ በደንብ ለሚተዋወቁ፣ ዓመቱን ሙሉ ለማይጠፉ ስምንት ሰዎች ድራፍትን እመርጣለሁ፤ ለተቀላቀለ ትልቅ ግሩፕ ግን ክላሲክ ላይ እቆያለሁ።

ድራፍት ከመረጣችሁ የምርጫው ቀን ላይ ሁሉም በአንድ ሰዓት መገኘት አለበት፤ ያልተገኘ ሰው ተጫዋቾቹን ሥርዓቱ ይመርጥለታል። ስለዚህ ውድድሩ ነሐሴ ላይ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት በፊት የሚውል ቅዳሜ ወይም እሁድ ምሽት 2 ሰዓትን አሁን በግብዣው ላይ ቁረጡ። ያን ጊዜ ዱባይ ምሽት 3 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ከቀኑ 7 ሰዓት ስለሚሆን ከእንቅልፉ የሚነሳ ሰው አይኖርም።